አፍደም በበቆሎ ክፍል ውስጥ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

በሩ ገጨው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አስገብቼ፣ የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ዘርግቼ፣ ተራራው የሚቆምበትን በጠመኔ አስምሬ ወጣሁ። በሩ ወደ ውስጥ እንደሚከፈት ረስቼዋለሁ! ስመለስ ድሬዳዋ ያልኋትን ጣቢያ ጠራርጎ መሬት ጣላት። አንድ ፉርጎ ጎማው ወለቀ። ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ደግነቱ ያየኝ የለም።

ክፍሏ የበቆሎ ክፍላችን ናት። ጆንያውን ሁሉ ትናንት ወደ ሳሎን ጎተትሁት። ጌትነት ባሌ ማታ ሲገባ ሶፋው ላይ በቆሎ ተቀምጦ አገኘና፣ "እንግዳ መጣብን እንዴ?" አለ። ባቡር ልሠራ ነው ስለው፣ "ፍኖተ ሰላም ያላየችው ባቡር በእኔ ጎተራ ሊገባ ነው?" አለ።

ምክንያቱን የነገርሁት ለእሱ ብቻ ነው። አባባ ሊመነኩሱ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ እኛ ዘንድ ናቸው። የጥምቀት ለት ታቦት ሸኝተን ስንመለስ፣ "በቃኝ፤ የቀረችኝን ዕድሜ ገዳም ልጨርስ" አሉ። የአክስታቸው ልጅ መነኩሴው አባ ኪዳነ ማርያም እሑድ ከቋሪት መጥተው ይወስዷቸዋል። ጓዛቸውን ጠቅልለው በራቸው ሥር አስቀምጠዋል።

አይሂዱ አልልም፣ ኃጢአት ነው። ግን ዐይናቸው ደክሟል፤ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ገዳሙ ገደል ለገደል ነው ይላሉ። መከልከል ባልችልም፣ መቆየት እንዲያምራቸው ባደርግ ማን ይቆጣኛል?

ሐሳቡ የመጣልኝ ልጄ ሰላም ከአዲስ አበባ ካመጣችው በባትሪ የሚሄድ የልጆች ባቡር ነው። ለአያቷ ለጨዋታ ብላ ነበር። አባባ ጎማውን በጣታቸው አሽከረከሩና፣ "ይሄ ፉርጎ አጭር ነው፣ እህል አይችልም" አሉ። ሳቁ! እናቴን ከቀበርን ወዲህ ያን ሳቅ አልሰማሁትም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ጠረጴዛውን ከበሩ አሸሸሁት። አሁን በሩ ይከፈታል፣ እኔ ግን እንደ ድመት ተጣብቄ ነው የምገባ። ይሁን።

አፍደምን ልሠራ ነው። አባባ የቋሪት ልጅ ናቸው፤ በጉልምስናቸው ወደ ምሥራቅ ወርደው በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ባለችው አፍደም ጣቢያ ሐዲድ ቀያሪ ሆኑ። ሁለት ባቡር ሲገናኝ አንዱን ወደ ጎን ሐዲድ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። እኔም እዚያው ተወለድሁ። አሸዋ፣ ግራር፣ ፍየል። ባቡር ሲቆም ሴቶቹ በመስኮት የግመል ወተትና የተቀቀለ እንቁላል ያቀብላሉ። አንድ ጊዜ አንዲት ተሳፋሪ ብርቱካን ወረወረችልኝ። ልጣጩን ለብዙ ቀን ትራሴ ሥር እያስቀመጥሁ አሸተትሁት። ኋላ ወደ ጎጃም ስንመለስ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ዝናቡ መቼ ነው የሚያበቃው ብዬ አለቀስሁ።

ተራራ ሲባል መቼስ ለጎጃም ሰው የሚመጣለት ጭቃ ነው። ጭድ አስገብቼ በእግሬ ረግጬ፣ ቤት እንደምመርግ አድርጌ ከመርሁት። እንዴት ያምር ነበር! ማታ ስመለስ የጠረጴዛው ችፑድ ውሃውን ጠጥቶ እንደ ሊጥ አብጧል። ሐዲዱ ጎብጧል፣ ባቡሩ ተጋድሟል።

ጌትነት አልጋና በር ሠሪ ነው። አየውና ራሱን ያዘ። "ችፑድ ላይ ጭቃ? አንች ሴትዮ፣ ምነው ብትጠይቂኝ?"

"ብጠይቅህማ በቆሎውን ትመልሰው ነበር።"

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። መጋዝም መዶሻም አይነካም። ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶኝ እጄን አጣጥፌ ዋልሁ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ፣ ቅዳሴው ላይ ቆሜ የማስበው ጭቃውን ነበር።

ከሰዓት አባባ በምርኩዛቸው ግድግዳውን እየነኩ መጡ። "ማነው በማርያም ቀን ቤት የሚመርገው? ጭቃ ይሸተኛል" አሉ። መደበቅ አልቻልሁም። አስገባኋቸው።

"ምንድን ነው?"

"አፍደም ነው፣ አባባ።"

እጃቸውን ሰደዱ። ጭቃውን ነኩ፣ ተራራውን ዳሰሱ። ጣቢያውን ከተራራው ኋላ፣ ግድግዳው ሥር ነበር ያቆምሁት፤ ከሩቅ ሲታይ እንዲያምር ብዬ። ተንጠራሩ። ክርናቸው ጭቃ ነካ። "አይደርስልኝም" አሉና ወጡ።

ጭንቅላቴን መታሁ። ለዐይን ሠርቼዋለሁ፣ እሳቸው ግን የሚያዩት በእጃቸው ነው። ስንት ቀን ለፍቼ ለማን ነው የሠራሁት?

ዓርብ፣ ጥር 22

ጎህ ሲቀድ ጌትነትን ቀሰቀስሁት። ጠረጴዛው ይውጣ አልሁ። በሰው ወገብ ልክ መደርደሪያ ግድግዳውን ተከትሎ ይዙር፣ መሐሉ ባዶ ይሁንና አባባ በርጩማ ላይ ይቀመጡ። ዞር ባሉ ቁጥር አንድ አገር እጃቸው ላይ ይመጣል።

"በሩስ?" አለ።

መልሱንም እሱ ነው ያሰበው። በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት ገለበጠው፤ በመግቢያው ላይ ደግሞ የሚነሳ ሳንቃ ጋደመ። ሰው ሲገባ ይነሳል፣ ባቡር ሲያልፍ ይመለሳል። "የአዋሽ ድልድይ በይው" አለኝ። ይሄ ሰው እንዲህ መሆኑን ሰላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ አላወቅሁም!

ሐዲዱ አልበቃም። ሰላም ያመጣችው ክብ ብቻ ነው። አራት ቦታ ከፍለን ለአራቱ ማዕዘን አደረግነው፤ ቀጥታውን ጌትነት ከትርፍ ጣውላ ጠርቦ አወጣው። በባትሪ ስለሚሄድ እንጨት ላይም ይሄዳል። ለተራራው የቀርከሃ ቅርጫት ደፍቼ ጆንያ አለበስሁት። ቀላል፣ ደረቅ። ግራሩን ከግቢያችን እሾህ ቆርጬ ተከልሁ። ጣቢያው የክብሪት ቀፎ ነው።

ወገቤ ተቆረጠ። አባባ ቀኑን ሙሉ ከክፍላቸው አልወጡም። ጓዙ እዚያው በራቸው ሥር አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሄደ! አንድ ዙር ሙሉ ሄደ፤ ድልድዩ ላይ ትንሽ ተንገዳግዶ አለፈ። እንደ ልጅ እልል አልሁ።

አባባን እጃቸውን ይዤ አስገባሁ። ተቀመጡ። ጣታቸውን ከአዋሽ አስነስተው ቀስ እያሉ አፍደም ደረሱ። ጣቢያውን ዳሰሱ። የውሃ ታንከሩን። ከዚያ ዛፏን ነኩና ፊታቸው ጠቆረ።

"ይቺ ዛፍ እዚህ አልነበረችም። ከሐዲዱ ማዶ ናት።"

"ወዲህ ነበረች አባባ። ከሥሯ ቁጭ እንል ነበር እኮ።"

"ታንከሩም በግራ ነበር። አገር ገልብጠሽ ሠራሽ፣ ጥሩዬ!"

ተከራከርን። እኔም ጮህሁ፣ እሳቸውም ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። ጌትነት ከበር ላይ ሆኖ፣ "እናንተ፣ አንዳችሁ ከቤት አንዳችሁ ከሐዲድ ሆናችሁ እኮ ነው የምታዩት" አለ።

እውነት ነው። እኔ የማውቀው ከቤታችን ደጃፍ የሚታየውን አፍደም ነው። እሳቸው ደግሞ ሐዲዱ ላይ ቆመው ባቡር ባቡሩን ነበር የሚያዩት።

አባባ እጃቸውን ዛፏ ላይ ትተው ቆዩ። "እና እኔ የት ነኝ? ከዚያ ስታዩኝ?" አሉ።

"ጀርባዎ ነበር የሚታየን" አልኋቸው። "ቀይና አረንጓዴ ባንዲራዎን ይዘው። እናቴ ምሳ ቀርቧል ትልና አትጥሩት ትለናለች፤ ባቡሩ እስኪያልፍ።"

"ዛፏ ሥር ሆናችሁ?"

"ዛፏ ሥር ሆነን።"

"እንዳለች ትሁን" ብለው ወጡ። አጠፋሁ ይሆን? ማታ እራት አልቀመሱም።

እሑድ፣ ጥር 24

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባ ኪዳነ ማርያም ደጅ ላይ ደረሱ። መስቀል ተሳለምን። ምሳ አቀረብሁ። አባባ የሉም። ክፍላቸው የሉም። ምርኩዛቸውም የለም።

የበቆሎ ክፍል ነበሩ፣ በርጩማው ላይ። ባቡሩን በጣታቸው እየገፉ አፍደም ያስቆሙታል፣ ያስነሱታል፣ ያስቆሙታል።

"አባባ፣ አባ መጥተዋል። ምሳም ቀርቧል።"

"ቆይ" አሉ። "ከድሬዳዋ የሚመጣውስ? የቱ ላይ ነው የሚተላለፉት?"

"አንድ ባቡር ብቻ ነው ያለን።"

"ሐዲዱም አንድ ነው። መቀየሪያ የሌለው ጣቢያ ምን ጣቢያ ነው? እኔ ምን ልሠራበት?" ተቆጡ፣ የምራቸውን! "ለሰላም ደውይላት። ሌላ ባቡር ትላክ። ጌትነት የጎን ሐዲዱን ይጥረብልኝ፣ እንዴት እንደሚከፈት አሳየዋለሁ።"

አባ ኪዳነ ማርያም ከኋላዬ መጥተው ኖሮ ድልድዩን በእጃቸው አንስተው ጎንበስ ብለው ገቡ። ዙሪያውን አዩ። "ወንድሜ፣ ባቡሩ ያልፋል ወይስ ይቆማል?" አሉ እየሳቁ።

"አላውቅም" አሉ አባባ። "ሌላው ሳይመጣ ይሄን መልቀቅ አይቻልም። ሕግ ነው።"

"እንግዲያውስ ገዳሙ የትም አይሄድም" አሉ አባ። ከምሳ በኋላ ብቻቸውን ወደ ቋሪት ተመለሱ።

ጓዙ አሁንም በራቸው ሥር ተጠቅልሎ አለ። አልነካሁትም። ለሰላም ግን ደውያለሁ። በቆሎውም ሶፋው ላይ ነው ያለው፤ ጌትነት እላዩ ላይ ተደግፎ ተኝቷል።