የጋሽ ሰማይ የሕይወት ታሪክና አንድ እርማት

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሰማይ» እያለ የሚጠራቸው ፀጉር አስተካካይ ከአናጺ አባታቸውና ልብስ በማጠብ ቤተሰቡን ይደግፉ ከነበሩት እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ ክፍል ቤት የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ስድስተኛ ክፍል እንደደረሱ አባታቸው ከጣሪያ ወድቀው እግራቸው ስለተሰበረ፣ እሳቸው ደብተር አስቀምጠው መቀስ ያዙ።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው ባለ ሁለት ወንበር የራሳቸውን ፀጉር ቤት ከፈቱ። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከነርሷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

የሰማይ ነገር የጀመራቸው በሠላሳ ዓመታቸው ነው። አንድ ሹፌር ፂሙን እየተላጨ «ምድር ይህን ያህል የምትዞር ከሆነ እኛን ለምን አያዞረንም?» ብሎ ጠየቃቸው። አላወቁም። ሰኞ ፀጉር ቤቱ ስለሚዘጋ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰኞን ቤታቸው ውለው አያውቁም። ባለቤታቸው «ፀጉር ቆራጭ ያገባሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጨረቃ ጣውንቴ ኖራለች» እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከመስታወቱ በላይ ያለው አምፖል ፀሐይ፣ የደንበኛው ራስ ደግሞ ምድር ነበር። ወንበሩን ቀስ አድርገው እያዞሩ «አሁን አፍንጫዎ ላይ ነጋ፤ አሁን ደግሞ መሸ» ይላሉ። ራሱን የሚያወዛውዝ ሲያጋጥማቸው «ምድር፣ ረጋ በይ እንጂ! ጆሮሽን ልቆርጠው ነው» ሲሉ ወረፋ ጠባቂው ሁሉ ይስቃል።

ወዲያው ያልተመለሰ ጥያቄ መስታወቱ አጠገብ በተንጠለጠለው ደብተር ላይ ይጻፋል። መልሱም «ጋሽ ሰማይ እንዳሉት» ተብሎ በወረቀት ተጽፎ መስታወቱ ጥግ ላይ ይለጠፋል። መልሱ ስህተት ሆኖ ከተገኘ አይቀደድም። ከሥሩ እርማት ይለጠፋል፤ የተሳሳተውም ሰው ይጠቀሳል። ስህተቱ የቆየውን ያህል ቀን እርማቱም ይቆያል። ጋሽ ሰማይ በዚህ ሕግ ለራሳቸውም አላዳሉም። ባለፉት ዓመታት ሰባት ጊዜ ስማቸውን ለጥፈዋል።

ይህን ጽሑፍ የጻፈው የወንድማቸው ልጅ አንደኛ ደረጃን እንደጨረሰ ወደ እሳቸው መጣ። ሙያ አስተማሩት፤ ሁለተኛውን ወንበርም ሰጡት። ሰው ፊት መናገር የሚያስፈራው ልጅ ስለነበረ «ግድ የለም፣ አፉ ባይናገር እጁ ይናገራል፤ ፊደል አይገድፍም» ብለው መልሶቹን በቃላቸው እየነገሩ ያስጽፉት ጀመር።

የዛሬ ሦስት ዓመት ተኩል ግድም ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ሰሞን አንዲት መምህርት ልጃቸውን ፀጉር ለማስቆረጥ መጥተው «ጨረቃ የምትጎድለው ለምንድን ነው?» ብለው ደብተሩ ላይ ጻፉ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። የወንድማቸው ልጅ «አላውቅም» ማለት አፈረ፤ ጋሽ ሰማይ እስኪመለሱም አልጠበቀም። የሚያውቅ መስሎት «ጋሽ ሰማይ እንዳሉት፣ የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት ነው» ብሎ ጽፎ ለጠፈ።

መምህርቷ ያንኑ ለክፍላቸው አስተማሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ጋሽ ሰማይም ከሆስፒታል የወጡት በዚያው ዕለት ነበር።

«ጋሼ፣ በልጆች ፊት አዋረዱኝ እኮ!» አሉ መምህርቷ። «አንዱ ተማሪ በመስኮት አሳየኝ። ፀሐይም ግማሽ ጨረቃም በቀን ሰማይ ላይ አሉ። የምድር ጥላ በየት አልፎ ነው እዚያ የደረሰው?»

ጋሽ ሰማይ ወረቀቱን አነበቡ፤ ወደ ወንድማቸው ልጅ አልዞሩም። «ልክ ነዎት እህቴ፤ ይቀመጡ» አሉ። የመላጫውን ብሩሽ በአረፋ አድቦልቡለው አስያዟቸው። ክንዳቸውን ዘርግተው ከራሳቸው ከፍ እንዲያደርጉት ነግረው ወንበሩን አዞሩ። የብሩሹ ግማሽ ምንጊዜም በአምፖሉ እንደበራ ነው፤ ለመምህርቷ ግን አንዴ እንደ ጥፍር ቀጥኖ፣ አንዴ ሞልቶ ታያቸው። «አዩ? እሷ አልጎደለችም፤ የምናይበት ቦታ ነው» አሏቸው።

ማታውኑ እርማቱን አስጻፉት። «የተሳሳተው» አሉና ስሙን ሳይጨምሩ ተነሱ። ምላጫቸውን ጠረጉ፤ ፎጣዎቹን አጠፉ፤ አሁንም ጠበቁ። የወንድማቸው ልጅ አንገቱን እንደደፋ ቀረ። ያን ጊዜ «ጋሽ ሰማይ በል» አሉት፤ እሱም ጻፈ።

አሥራ አንድ ቀን ያ ወረቀት ተለጥፎ ቆየ። ደንበኞች «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ጨረቃ ጣለችዎ!» ሲሏቸው እሳቸው ይስቁ ነበር። የወንድማቸው ልጅ አጠገባቸው ቆሞ ፀጉር ይቆርጥ ነበር። የመምህርቷ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለተማሪዎች ስለ ሰማይ እንዲናገሩ ይጋብዛቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልጠራቸውም። እሳቸው የግብዣው ወር ሲደርስ ኮታቸውን እያስተኮሱ ይጠብቁ ነበር። ሦስቱንም ዓመት ኮቱን የተኮሰው የወንድማቸው ልጅ ነው።

ጋሽ ሰማይ ሕመሙ ተመልሶባቸው ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ወንድማቸውንና ጥያቄያቸው ደብተሩ ላይ የቀረ ብዙ ሰዎችን ትተው ሄደዋል።

መምህርቷ እዚህ ካሉ ይህን ይስሙልን፤ ከሌሉም የምታውቋቸው ንገሩልን።

እርማት። ስለ ጨረቃ የተሰጠው መልስ የጋሽ ሰማይ አልነበረም። የተሳሳተው፣ በስማቸው የጻፈውና በኋላም ዝም ያለው የወንድማቸው ልጅ ነው። ስህተቱ ሦስት ዓመት ከአራት ወር በእሳቸው ስም ስለቆየ፣ ይህ እርማት ከነገ ጀምሮ መስታወቱ ላይ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ይቆያል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን መምሸት በሌለበት ያኑርልን፤ ለቤተሰባቸው መጽናናትን፣ ለበደላቸውም ይቅርታን ይስጥ። አሜን።