የአያ ተሰማ ምራን

ሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ዛሬ የመሥሪያ ቤቱን ማኪና ይዤ ከማክሰኝት ስመለስ፣ አዘዞ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ትርፍ አልያዝኩም። ከሐረር ተዛውሬ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው፤ መንገድ ላይ ብቀርም የሚፈልገኝ ሰው የለም። ተናድጄ ጎማውን በእርግጫ ስመታ፣ ከመንገዱ አጠገብ ሲያርሱ የነበሩ አያ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ መጡ።

“ምነው ልጄ፣ እሷ ምን አደረገችህ?” አሉኝ።

የተበጠሰውን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩትና ተመልሰው በሬዎቻቸውን ፈቱ። ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስሩበትን ምራን፣ ያንን ረጅም ጠፍር፣ ይዘውልኝ መጡ።

“እርሻዎስ?” አልኩ አፍሬ።

“ነገ ሚካኤል አይደል? ማን ያርሳል! ረቡዕ ጠዋት ግን እፈልገዋለሁ።”

ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ጠፍሩን በውኃ አርሰን በቺንጋው ቦታ አጥብቀን ቋጠርነው። እየቆምኩ፣ ሞተሩን እያበረድኩ፣ እንደምንም ጎንደር ገባሁ።

ምራኑን ፈትቼ እንዳይደርቅ ቅቤ ቀብቼዋለሁ። ቺንጋ ባላገኝ እንኳ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ በእግሬ እወርዳለሁ።

አሁን ብቀር የሚፈልገኝ ሰው አለ።