ለቅሶ በብስክሌት

ደብረ ማርቆስ
ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለእየሩስ፤

አራስነቱ እንዴት ይዞሻል? ሕፃኑስ? ሆዱን ይነፋዋል ያልሽው ተሻለው ወይ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ጤፍ ነጋዴው አቶ ይታያል ትናንት አደረሰልኝ፤ ይህንንም ነገ ጠዋት ወደ ደምበጫ ሲመለስ በእሱ እጅ እልክልሻለሁ። ብደውልልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ኔትወርክ ከጠፋ ግን ሳምንቱን ያዘ። ቢኖርም እዚህ ቤት ስለ አንቺ ጮክ ብሎ እንደማይወራ ታውቂያለሽ።

ዋናውን ነገር ላስቀድም። ቅዳሜ ዕለት ከበራችሁ ትይዩ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጦ ግቢያችሁን ሲያይ የቆየው፣ ፊቱን በፎጣ የጠቀለለው ባለ ብስክሌት ሌባ አይደለም። አንዷለም ዱላውን ይመልስ። «ዳግመኛ ከመጣ እግሩን ነው የምሰብረው» ብሏል ብለሽ ጽፈሽልኛል። ቤቱን የሚጠብቅ ወንድ ደስ ይለኛል፤ ያንን እግር ግን እንዳይነካው። ስንት እንደተለፋበት ልንገርሽ።

ነገሩ የጀመረው በሁዳዴ ነው። አባትሽ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው፤ ከመደርደሪያ እስከ ወንበር ነው መንገዱ። በድንገት ጎህ ሳይቀድ እየተነሣ «ኪዳን ላደርስ ነው» ይለኝ ጀመር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሲመለስ ግን ነጠላው እንደታጠፈ ነው፤ ሸሚዙ ላብ በላብ። ኪዳን እንዲህ በላብ ካጠመቀ ምን ዓይነት ኪዳን ነው አልኩ። ቀጠለና ለምሳ ቤት መምጣት ተወ። በሶ በፕላስቲክ ጠርሙስ በጥብጦ ይዞ ይወጣል። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። ማታ ማታ ጉልበቱን ዞር ብሎ በቅባት ያሻል፤ ስጠይቀው «ብርድ ነው» ይላል።

ልጄ፣ ሃምሳ ሰባት የሞላው ባል ድንገት ሸንቀጥ ሲል ሚስት ምን ታስባለች? ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ። እኔም ስንጥሯን ፍለጋ ገባሁ። ሳላያት መልኳን ሁሉ አወጣሁላት፤ ቀጭን፣ ጠጉሯን የተተኮሰች፣ አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ። ስም ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ተከተልኩት። ከመሥሪያ ቤቱ ወጣ፣ ግራ ቀኝ ገላመጠ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ፈንታ ቤት ገባ። ያዝኳት ብዬ ከአንድ ሱቅ ጥግ ቆምኩ። አባትሽ በቁምጣ ወጣ። በቁምጣ! ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ያንን እግር ከቤት ውጭ አይቼው አላውቅም። ብስክሌት ላይ ወጣና ከፈንታ ቤት ጀርባ ያለውን ዳገት ተያያዘው። አናቱ ላይ ደርሶ ወረደ። ደግሞ ወጣ። በስድስተኛው ከንፈሩ ነጭ ሆኖ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ እየገፋው ነበር። ተናድጄ የሄድኩት ሴትዮ አሳዘነኝና ሳላናግረው ተመለስኩ። መጠርጠሬን ግን አልተውኩም፤ ለአንዲት ሴት ሲሉ ከዚህ የባሰ ያደረጉ አሉ።

በማግሥቱ ፈንታን ያዝኩት።

«እንዳላማው ለማን ሊያምር ነው? እውነቱን ንገረኝ።»

«ኧረ እትዬ የብርጓል፣ እኔ ምን አውቄ! ጋሼ እንዳላማው በሁዳዴ መጡና ‹ጊዜ የለኝም፤ ክረምት ሳይገባ ዳገት የሚችል እግር እፈልጋለሁ› አሉኝ።»

«አንተ እግር ትጠግናለህ እንዴ?»

«ጊዜ የሌለው ሰው ርቀት አያበዛም፣ አንዱን ዳገት ይደጋግመዋል አልኳቸው። ጠዋት ሜዳውን ቀስ ብለው፣ በምሳ ሰዓት ዳገት፣ ቅዳሜ ረዘም ያለ መንገድ። ዓርብ ዕረፍት ነው፤ ዓርብም ሲመጡ ነው የምንጣላው።»

«ወዴት ሊሄድ ነው?»

«አልነገሩኝም። መኪና አይሻልዎትም ወይ ብላቸው ‹ተከልክያለሁ› አሉ። ሐኪም ነው? ስላቸው ‹የነፍስ ሐኪም› አሉኝ።»

ከዚያ መምሬ ዘማርያም ዘንድ ሄድኩ። የነፍስ አባታችን ከእኔ ምን ይደብቃሉ ብዬ ነው።

«መምሬ፣ እንዳላማው ጠዋት ጠዋት ኪዳን ይመጣል?»

«ልጄ፣ ሰው በየአቅሙ ነው። ደግሞ ብስክሌት ኃጢአት አይደለም።»

እኔ ብስክሌት የሚል ቃል ከአፌ አላወጣሁም ነበር! እሳቸውም ነቁ መሰለኝ፣ በመስቀላቸው ባረኩኝና ቸኩለው ገቡ። የንስሐ ምሥጢር ነውና አልተከተልኳቸውም። ግን እኔም ዕድሜ ልኬን ቀኖና ስቀበል የኖርኩ ሴት ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ኮሌጁን አቋርጠሽ አንዷለምን ስታገቢ፣ አባትሽ በሽማግሌዎች ፊት ተነሥቶ «ማርቆስን! የባጃጅ ሹፌር ደጅ አልረግጥም» ብሎ የማለውን አልረሳሁም። የዚያን መሐላ ነገር ይዞ ሄዶ ይሆናል፤ በላብህ ሂድ፣ ሞተር አትሳፈር ብለውት ይሆናል። በእግር እንዳይሄድ ደግሞ ከሥራ የሚያርፈው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። እንዲህ አሰብኩና ደግሞ መልሼ ጠረጠርኩ። አባትሽ እኮ የተናገረውን የማይመልስ ሰው ነው። ስለቱ ለሌላ ገዳም፣ ለዚያች ጸሐፊ ቢሆንስ?

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ «አማኑኤል ከተማ ለቅሶ አለብኝ፤ እዚያው አድራለሁ» አለኝ። ያንን ውሸት አውቀዋለሁ፤ የኔ ነው። አንቺን ለማየት ስመጣ በሦስት ዓመት ውስጥ አማኑኤል ላይ የገደልኩት ዘመድ ብዛት እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሁድ ማታ ተመለሰ። ግንባሩ በፀሐይ ተላልጧል፣ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ በርጩማው ላይ በአንድ ጎን ነው የተቀመጠው። ለቅሶ የሄደ ሰው ዓይኑ ያብጣል እንጂ መቀመጫው አይቆስልም። «ማን ሞተ?» አልኩት። «አታውቂውም» አለኝ።

ትናንት ደብዳቤሽ ደረሰ። ያ ሰውዬ ውኃ ላቀበለችው ለአንዷለም እህት «ሕፃኑ ደህና ይጠባል?» ብሎ ጠየቃት ትያለሽ። መንገደኛ ሕፃን መኖሩን በምን አወቀ ብላችሁ ነው የደነገጣችሁት። ዕቃዋን አስገብታ ስትመለስ ሄዷል። እሷ አባትሽን አይታው አታውቅ፣ አንቺ አራስ ቤት ተኝተሽ፤ ማን ይለየው? እኔ ግን አነበብኩና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እየሩስዬ፣ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥቶ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ፣ የመጨረሻዋ ሃያ እርምጃ አቃተችው። እግሩ ደርሷል። ያልደረሰው በር የሚያንኳኳው እጁ ነው፤ ለእሱ ደግሞ ፈንታ ልምምድ የለውም። ዛሬም በምሳ ሰዓት ዳገቱን ሲደጋግም አይቼዋለሁ። ጉድለቱ ከጉልበቱ ይመስለዋል።

ክርስትናው እሁድ ሰኔ ፩ ነው፤ ዋዜማውን ቅዳሜ ይመጣል ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ዘንድሮ ጥርጣሬዬ ሁሉ የከሸፈ ቢሆንም በዚህኛው እምላለሁ። አንዷለም በባጃጅ ልቀበላቸው ብሎ እንዳይወጣ። የሚያደርገው ሲጠፋው ባሕር ዛፉ ሥር ይቀመጣል። ያን ጊዜ ማንም «ይግቡ» እያለ አይጨናነቅበት፤ ሕፃኑን ይዘሽ ደጃፍ ላይ ቁሚና እንዲያይሽ ብቻ አድርጊ። እናቴ ጻፈችልኝ እንዳትይ። የእኔን ጉዳይ እኔ አውቃለሁ፤ ዓርብ በሚኒባስ ቀድሜ እገባለሁ። አማኑኤል ገና የሚሞት ዘመድ አላጣም።

ማርያም ከምጥ እንዳወጣችሽ በደህና ታስነሣሽ። ጡትሽ አይንጠፍ፤ ልጅሽ አድጎ የዚህን ቤት ኩርፊያ እንደ ተረት ይስማው። አንዷለምንም ሳሚልኝ፤ ሰላምታዬን ከዱላው ጋር አያጋጭብኝ።

እናትሽ
የብርጓል

ደብዳቤውን ሳጥፍ አባትሽ ገባ። የሚያነበው መስሎኝ ነበር፤ አላየውም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ሰኔ መግቢያ ላይ አማኑኤል ለቅሶ አለብሽ አይደል?» አለኝ። «አለብኝ» አልኩት። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ጭኔ ላይ አኖረና «እንግዲያ ይችን ለለቀስተኞቹ ያዥልኝ፤ እኔ ይዣት ብሄድ ዝናብ ይነካታል» ብሎ ወጣ። ፈታሁት። የሕፃን ጋቢ ነው፤ ጥለቱ ገና ከሸማኔ እጅ የወጣ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አማኑኤል ማንም እንዳልሞተ ያውቅ ኖሯል። ልጄ፣ ቅዳሜ በሩን አትዝጉት።