ሳጥኑና የጋሽ ይመር ጉሮሮ

ታኅሣሥ 13፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ፎቶ ኮፒ ቤት

መብራት ሄደ። ሦስት ሰው ወረፋ ላይ። ሁለቱ መታወቂያ፣ አንዱ የኪራይ ውል። እህቴ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጣ ታዛጋለች። እኔ ኤርፎኔን ሰክቻለሁ። ደብተሬ፣ ላሊበላ ውስጥ መብራት ሲሄድ የሚደሰተው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሳጥኑ፣ አዲሱ የሙዚቃ መሣሪያዬ፣ በባትሪ ነው የሚሠራው። መብራት እስኪመሽ ባይመጣም ግድ የለውም። ከሁለት ኪሎ ሽሮ አይከብድም፤ ከላይ በረድፍ በረድፍ የሚበሩ ትናንሽ ቁልፎች አሉት። አንዱን ስነካ ከበሮ፣ ሌላውን ስነካ ክራር፤ የደረደርኩለትን እየደጋገመ ራሱ ይጫወታል። ኮምፒውተር አይጠይቅም። ከአንድ ጎብኚ ነው የገዛሁት። እንግሊዝኛዬ ቢበቃኝ ኖሮ ለምን እንደሸጠው እጠይቀው ነበር። ጤነኛ ሰው ይህን አይሸጥም።

ጾም ስለሆነ በኤርፎን ብቻ። በሰርግ አብረውኝ የሚጫወቱት ጋሽ ይመርም (ከዚህ በኋላ ጋ/ይ፣ እጄን ደከመኝ) ጾሙ ሲገባ የማሲንቋቸውን ጭራ አላልተው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። እስከ ገና አይነኩትም። ሁልጊዜም እንደዚህ ናቸው።

ጥር 14 ቢልባላ ሰርግ አለብን። አቶ ካሳው ልጃቸውን ይድራሉ። የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። አምና አሮጌው ኪቦርዴ፣ ነፍሱን ይማር፣ በአንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ከማሲንቆው ጋር ተጣላ። የኪቦርድ ኖታ እኩል እኩል የተቆረጠ ነው፤ ያ ቅኝት ደግሞ እኩል አይደለም። ጋ/ይ ዘፈኑ መሀል ላይ ደጋናቸውን አውርደው ተቀመጡ። አምስት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። በኋላ የነገሩኝ አጭር ነው። ዘንድሮ አንድ ጊዜ ይሞክራሉ። ዕቃዬ አሁንም ከተከራከራቸው ማሲንቆው እንደተሰቀለ ይቀራል፤ እኔም ብቻዬን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም።

ታኅሣሥ 16

ጮቤ ረገጥኩ። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሳጥኑን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚሉት፣ ለማንም ክፍት ኖሯል። በየአገሩ ያሉ ተጠቃሚዎች በትርፍ ጊዜያቸው ያሻሽሉታል። በነጻ። ማንም ሳያዛቸው። አንዱ ነርስ ነው፣ አንዷ ጡረተኛ፤ አንዱ ደግሞ በስሙ ፈንታ የዳክዬ ፎቶ ለጥፏል፣ ማንነቱ አይታወቅም። አዲሱ እትማቸው እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻው ዝቅ ወይም ከፍ ለማድረግ ያስችላል። የጻፈው ዳክዬው ነው። ማን ጠይቆት እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ለእኔ እንደሠራው ቆጥሬዋለሁ።

እህቴ፣ ደመወዝ የማይከፈለው ሰው የሠራውን አምነሽ ነው ወይ አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ የሰርግ ዳስ ሲጥል ማን ይከፍለዋል አልኳት። ወረቀት ልትደረድር ዞረች። እሷን ዝም ማሰኘት ራሱ አንድ በዓል ነው።

ወደ ሚሞሪ ካርዱ ገለበጥኩት፤ አንድ ቁልፍ ተጭኜ ሳበራው ራሱን አደሰ። ደቂቃ አልፈጀም።

ታኅሣሥ 21፣ 9 ሰዓት

ተሳካ ደብተሬ! ያምናውን ሰርግ ስልኬ ላይ ቀድቼ ነበር። እሱን በአንድ ጆሮ፣ ሳጥኑን በሌላው እየሰማሁ አምስቱንም ኖታ አንድ በአንድ አቀናሁ። ሁለተኛው እንደ ፀጉር ዝቅ፣ አራተኛው ትንሽ ከፍ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ ስለቅቃቸው ማሲንቆውና ሳጥኑ አንድ ቤት ያደጉ መሰሉ። ዕንባዬ መጣ። አንድ ደንበኛ አይቶኝ፣ ሰው ሞቶባት ነው ወይ ብሎ እህቴን ጠየቃት።

ይሄን ያሰቡ ሰዎች ይባረኩ። ጋ/ይ ሲሰሙት ምን እንደሚሉ ለማየት ቸኩያለሁ። ገና ገና ነው፣ ገና!

ታኅሣሥ 30፣ ከሰዓት

መጥፎ ቀን። በተራ ልጻፈው።

ጾሙ ተፈታ። ከተማው ገና የበዓል እንግዳ እንደሞላው ነው። በሰው መሀል ተጋፍቼ ጋ/ይ ቤት ደረስኩ። ማሲንቆውን አወረዱ፣ ጭራውን ወጠሩ፣ እያንጎራጎሩ ቃኙ። ሳጥኑን ለቀቅሁ። አልገጠመም። በትንሽ አይደለም፣ በብዙ። ማሲንቆው ከኔ በታች ነው።

እኔስ ምን አልኩ? አፌን በቆረጠው። ጋሼ፣ ሳጥኑ በትክክል ነው የተቃኘው፣ እርስዎ ትንሽ ይወጥሩት አልኩ። ለጋ/ይ! ሠላሳ ዓመት ዳስ ለዳስ ለዞሩት ሰውዬ!

ደጋኑን ጭናቸው ላይ አኖሩና ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ጉሮሮ ነው ልጄ። የዛሬው ጉሮሮዬ ይኸ ነው። ያምናውን ከፈለግሽ ከስልክሽ ጋር ዝፈኝ።»

ደንግጬ የሳጥኑን ማዞሪያ ወደ ታች አዞርኩት። ሙሉውን ዜማ በአንድ ማዞሪያ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ኖታዎቹ ወረዱ፤ የለፋሁበት ቅኝት ግን አብሮ አልወረደም። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። ጆሮ ያማል። ጋ/ይ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ማሲንቆውን በጨርቁ ጠቀለሉት። ብቻ ግድግዳው ላይ አልመለሱትም። ተስፋዬ እሷ ብቻ ናት።

ጥር 2

እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም። እህቴ ፍቅር ይዞሽ ነው ወይ ትላለች።

ስልኬ ውስጥ የሦስት ዓመት ሰርግ አለ። ተራ በተራ ሰማሁት። የሙጃው፣ የጋሸናው፣ ያምናው የላሊበላው። በየዓመቱ ማሲንቆው ዝቅ ይላል። ሳጥኑን ከእያንዳንዱ ጋር እያስተያየሁ ለካሁት፤ ማዞሪያው በየዓመቱ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ሰውዬው አጠገብ ቆሜ ኖሬ ሳልሰማው! ጉሮሯቸው እየሄደ ነው። እሳቸው ያውቁታል። እኔ ደግሞ ሄጄ ወጥሩት አልኳቸው። አፍሬያለሁ።

ለፈርምዌሮቹ ሰዎች ጻፍኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ግማሹን በስልክ አስተርጉሜ። ዜማው ሲወርድ ቅኝቱ አይከተልም አልኩ። ለምን እንደቸገረኝም ነገርኳቸው፦ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ድምፃቸው በየዓመቱ ይወርዳል፣ መሣሪያው እሳቸውን መከተል አለበት፣ ሰርጉ ጥር 14 ነው። የኛ ጥር ለነሱ ስንት እንደሆነ መጻፍ ረስቼ እንደገና ላክሁ።

ጥር 4

ዳክዬው መለሰ! ጥፋቱ የኔ ነው አለ፤ ሁሉም ሰው አንዴ ቃኝቶ የሚተወው መስሎት ነበር። የማሲንቆውን ድምፅ ላኪልኝ አለ፤ ላክሁ። ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ሲሰማው እንደነበር ጻፈ። ይሄን ቅኝት ሰምቶ አያውቅም። ነርስ የሆነው ሰውዬም መጥቶ፣ እኔ እሞክርላታለሁ ብሎ ጻፈ። ፊታቸውን አላውቅም። ለማላውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ፍቅር ይኖረኛል ብዬ አላሰብኩም።

ጥር 7፣ 5 ሰዓት

የታረመው መጣ። ኔትወርኩ ሁለቴ አቋረጠኝ፤ በሦስተኛው ወረደ። ወደ ካርዱ ገልብጬ ጫንኩት። አዞርኩ። ወረደ፤ ቅኝቱም አብሮት ወረደ። ደግሜ አወረድኩት። እስከ ታች ድረስ አምስቱም እንደተያያዙ ናቸው። ባንኮኒው ላይ ተደፋሁ። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው ቢመጣም አላየሁትም።

ጥር 9

ጋ/ይ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝ። ማሲንቆውን እንዲያወጡ አልጠየቅሁም። ያንጎራጉሩልኝ ብቻ አልኩ። ከማንገራገራቸው ጋር አንጎራጎሩ። ድምፃቸው ላይ እስክደርስ ማዞሪያውን ቀስ እያልኩ አዞርኩ፣ ደረስኩ፣ ክራሩን ለቀቅሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ዙር ሰሙ። ከዚያ እጃቸው ወደ ጨርቁ ሄደ።

ደስታዬን መጻፍ አልችልም።

ጥር 15፣ ረፋድ

ቢልባላ። ትናንት። ዳሱ ውስጥ መብራት የለም፤ ሞንታርቦው በባትሪ፣ ሳጥኑም በባትሪ። ከየዘፈኑ በፊት ጋ/ይ ትንሽ ያንጎራጉራሉ፣ እኔ አንገታቸውን እያየሁ አዞራለሁ፣ እንጀምራለን። አንዴም አልተጣላንም። አንቺ ሆዬ ላይ ደጋናቸው ሲሄድ ሳጥኑ ከሥር ተሸክሟቸው ይሄድ ነበር።

ሚዜዎቹ ድምፁ ወረደ፣ ከፍ አድርጊው እያሉ አስቸገሩኝ። አንዱ ራሱ ሊያዞረው እጁን ሲሰድ እጁን መታሁት። ቀጥሎ የሆነውን ግን አላሰብኩትም። ዜማው ዝቅ ስላለ መደቡ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች መቀበል ጀመሩ። በሌላው ሰርግ አፋቸውን የማይከፍቱ፣ ከፍታው የሚያቅታቸው። አቶ ካሳው ራሳቸው ተነስተው ተቀበሉ። ዳሱ በወፍራም የወንድ ድምፅ ሞላ። ሚዜዎቹም ክርክሩን ትተው አጨበጨቡ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋ/ይ አጠገቤ ናቸው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ጠየቁኝ።

«ስንት ወረድሁ?»

ልዋሽ ነበር። አልቻልኩም። በሦስት ዓመት አንድ ኖታ ተኩል ያህል አልኳቸው።

«ሳጥንሽስ እስከ ስንት ይወርዳል?»

«እርስዎ እስከሚወርዱበት ድረስ ነው ጋሼ።»

ሳቁ። እጄን ያዙኝ። «እሱስ ይውረድ። እኔ ግን መሬት ነክቻለሁ።»

ላሊበላ እስክንደርስ እጄን አልለቀቁም። እኔም በመስኮቱ ውጭውን እያየሁ መጣሁ።

ጥር 17፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ጠዋት ከሙጃ ተደወለ። የቢልባላውን ሰምተው ነው፣ ጥር 25 ኑልን አሉ። እየሮጥኩ ለጋ/ይ ነገርኳቸው። እመጣለሁ አሉ። ማሲንቆውን ይዤ እመጣለሁ። የምትዘፍኝው ግን አንች ነሽ አሉ።

የምሬን ደነገጥኩ። ሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። ድምፄ ከጓዳ አይወጣም አልኩ፣ አምስት ምክንያት ደረደርኩ። አልተከራከሩኝም። ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አደረጉና አንጎራጉሪ አሉኝ፤ ትእዛዝ ነው፣ ልመና አይደለም። አንጎራጎርኩ፤ ከጭንቀቴ የተነሳ ዓይኔን ጨፍኜ። እሳቸው ጭራውን ይወጥራሉ፣ ይሰማሉ፣ ደግሞ ይወጥራሉ። ማሲንቆው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ መጣ። ሳጥኑን የነካ የለም። በመጨረሻ አጠገቤ ደርሶ ቆመ። ዓይኔን ስገልጥ ጋ/ይ እያዩኝ ነበር፤ እጃቸው ደጋኑ ላይ ነው፣ የሚጠብቁት እኔን።

እሺ አልኩ። ለሙጃዎቹም ደውዬ ዘፋኟ እኔ ነኝ አልኳቸው። አፌ ላይ እንዴት እንደከበደኝ!

ደብተሬ፣ አለቀ፣ ሙጃ እዘፍናለሁ። ለዳክዬው እነግረዋለሁ፣ ግን በኋላ። አሁን ቤቱ ባዶ ነው፤ እህቴ ከገበያ እስክትመለስ፣ ሳጥኑን ሳላበራ፣ ያለ ምንም ማጀቢያ አንዴ ከፍ አድርጌ ልሞክረው።