ግማሽ የተነሣ ድንኳን

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ዘፋኛችን ትናንት ተቀበረ። ዛሬ የማስተምረውን ክፍለ ጊዜ እንደጨረስኩ ከደባርቅ ዳባት ወርጄ እናቱ ቤት ለቅሶ ደረስኩ።

ድንኳኑ ሙሉ ነበር። አልቃሿ ድምፁን፣ ቸርነቱን፣ ለአገሩ ልጅ የነበረውን ፍቅር እያነሣች ታስለቅሰናለች። እኔም ከልቤ አለቀስኩ። ሠርጌ የደመቀው በእሱ ዘፈን ነው። ስለ ቀረበበት ክስ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ድንገት እትዬ የሺ ገቡ። "ደፈረኝ" ብላ እሱን የከሰሰችው ልጅ እናት ናቸው። በእኛ ወግ ለቀስተኛ ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ይነሣል። ለእሳቸው ግን ግማሹ ተነሣ፣ ግማሹ እንደተቀመጠ ቀረ። እኔ ወገቤን እንዳጎነበስኩ መሀል ላይ ቀረሁ፤ መነሣትም መቀመጥም አቃተኝ። አልቃሿም ሙሾዋን አቋረጠች።

እትዬ የሺ የሟች እናት ፊት ቆሙና፣ "እግዜር ያጥናሽ እህቴ። የልጅን ነገር አውቀዋለሁ" አሏቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኔዋ እኮ ቀጠሮ እየጠበቀች ነበር። ዳኛ ፊት ቆሞ አድርጌያለሁ ወይም አላደረግሁም እንዲል። አሁን ማንን ትጠይቅ?" አሉ።

የሟች እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ስመለስ የሚኒባሱ ሾፌር የእሱን ዘፈን ከፍ አድርጎ ለቀቀው። "እባክህ ዝጋው" ልለው አስቤ ነበር። ደባርቅ ልንገባ ስንል ነው፣ መንገዱን ሙሉ አብሬ እያዜምኩ እንደመጣሁ ያወቅኩት።