በፍልውሃ ያጠጣሃት መኪና

ተሼዬ፣

ሙት ዓመትህን ትናንት አወጣን። አንድ ዓመት ሆነህ ማለት ነው። እኔ ግን አሁንም አመሻሽ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ አንተ መስለኸኝ ቀና እላለሁ። በአፌ ብዙ እንደማላወራ ታውቃለህ፤ ያልነገርኩህ ነገር ስለተጠራቀመብኝ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ልጃችን ሌንሴ እንጭኒ ተመድባ እያስተማረች ነው። ተማሪ መቆጣት አልሆነላትም፤ ባንተ ወጥታ ቁጣዋን ሳትጨርስ ራሷ ትስቃለች። ወንድምህ ደረጄ የጣሪያውን አሸንዳ አስጠግኖልናል፤ ዝናቡ እንደ ድሮው ግድግዳውን አያርሰውም፣ ቀጥ ብሎ በርሜሉ ውስጥ ይወርዳል። ቀይዋ መኪናህም አለች። ለመጻፍ የተነሳሁትም በእሷ ነገር ነው።

ያመጣሃት ቀን ትዝ ይልሃል? ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። መሬት የምትልስ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከሰው ወደ ሰው ስትዞር ኖራ ያረጀች የስፖርት መኪና አምቦ ላይ ማን አይቶ ያውቃል? ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ዙሪያዋን ዞረው አይተው «ተሾመ ልጄ፣ ግማሿን የት ጥለሃት መጣህ?» አሉህ። ከሁሉም አብልጠህ የሳቅከው አንተ ነበርክ። እኔ በመጋረጃው በኩል እያየሁ አፈርኩ። ከዚያ በኋላም እጄን ይዘህ ካልሳብከኝ ከውስጧ መውጣት አልችልም ነበር። እጄን መሳብህን ወድጄው እንደነበር የገባኝ አሁን ነው።

ሥራዋን የተማርኩት አጠገብህ ቆሜ ዕቃ ሳቀብልህ ነው። አሥራ ሦስት ቁልፍ ስትል አሥራ ሦስት፣ ካቻቪቴ ስትል ካቻቪቴ። ማስረዳት አትወድም፤ ስትሠራ ግን ለራስህ ታወራለህ፣ እኔም ከዚያች ወሬህ እየለቀምኩ ያዝኩ። ኋላ በጉደር መንገድ መሪውን ሰጠኸኝ። ማርሽ ባጋጨሁ ቁጥር እንዳልደነግጥ ወደ መስኮቱ ዞረህ ታፏጭ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ወራትህ ጀምሯት የነበረው መሞቅ ካንተ በኋላ ባሰባት። ጊንጪ ሳልደርስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ይነካል፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል፣ እኔም ዳር ይዤ እስክትበርድ እቀመጣለሁ። ወዳጅህ መካኒኩ ኦቦ ቶሎሳ የውሃ ቱቦዋን ለወጡ፣ ቬንትሌተሯን ፈተሹ፣ ቴርሞስታቷን ቀየሩ። አሁንም ፈላች። «እንግዲህ ሞተሯ መከፈቱ ነው፣ ወጪውም ከባድ ነው» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው።

ደረጄ ይህን ሲሰማ መኪና ፈታትቶ ዕቃ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ከአዲስ አበባ አገኘ። ክፋት የለበትም ተሼ፣ እንዳትቀየመው። «እትዬ፣ በየቀኑ እያየሻት ኀዘኑ እንዴት ይወጣልሻል?» ነው ያለኝ። ያለወትሮዬ መለስኩለት። «ለሙት ዓመቱ መቃብሩ ድረስ፣ የተወለደበት አዲስ ዓለም ድረስ በእሷ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ከፈላች ውሰዳት። ሳትፈላ ካደረሰችኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ» አልኩት። ደረጄም እየሳቀ እማማ ጥሩነሽን ለምስክርነት ጠራቸው። «እኔ በግማሽ መኪና አልመሰክርም» ብለው ገቡ።

እንዲህ ተወራርጄ ስጨነቅ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ግን ማንቆርቆሪያውን ሳጥብ ውስጡ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ተጋግሮ አየሁ። ታመህ ሳለህ ከፍልውሃው በጀሪካን የምናመጣውን ውሃ እያሞቅኩ እግርህን የማጥብህ በዚያ ነበር። ነጩን በጥፍሬ ስፍቀው አንድ ነገር ትዝ አለኝና እጄ ቆመ። ከፍልውሃ ታጥበህ በተመለስክ ቁጥር ኮፈኗን ከፍተህ ከዚያው ጀሪካን ራዲያተሯን ታጠጣት ነበር። «እኔን ካሻለኝ እሷንም ይሻላት» እያልክ። ዘይቷን ቀን ሳታሳልፍ የምትቀይር፣ ብሎኗን ሁሉ እንደ ጣትህ የምታውቅ ሰው! ምን ይደረግ፣ የአምቦ ሰው በፍልውሃ ያለው እምነት ሌላ ነው፤ ለወገብም፣ ለቆዳም፣ ለሆድም እሱ ነው። መኪና ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ማን ይጠረጥረዋል?

ለኦቦ ቶሎሳ ነገርኳቸው። «በፍልውሃ? ተሼ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ተቆረጠና ፊታቸውን አዞሩ። እናቴ ማንቆርቆሪያ በሎሚ ታጥብ እንደነበር ስነግራቸው ደግሞ «ሎሚውስ እሺ፣ የሰላጣውን ቃሪያ ማን ያመጣል?» አሉኝ።

ሎሚ ጨምቀን፣ አጥልለን፣ ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ ጋር ሞላንላት። ሞተሯን አስነስተን አቆየናት፤ ስትበርድ አፈሰስነው። የወጣው ውሃ ወተት ይመስላል፣ ቅርፊት ቅርፊትም አለበት። እስኪጠራ ደጋገምነው። ባልዲው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ተሼዬ፣ ቆሻሻ ሆኖ አልታየኝም። እድናለሁ ብለህ ያመላለስከው ውሃ ነው። ልደፋው አቃተኝ። ኦቦ ቶሎሳ ገብቷቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። መኪናዋን ታቆምበት ከነበረው ባሕር ዛፍ ሥር ቀስ ብዬ አፈሰስኩት።

ትናንት ሌንሴን ከጎኔ አስቀምጬ ተነሳሁ። ደረጄ የዝክሩን ዳቦና ጠላ በሚኒባስ ጭኖ፣ ስትፈላ ሊያነሳን ከኋላ ይከተላል። ጊንጪን አለፍን፤ መለኪያው ከመሃል አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ወዲያ ባለው ዳገት ግን ትንሽ ከፍ አለ፣ ልቤም አብሮት። አንተ ዳገት ላይ የምትለው ትዝ አለኝ፦ «የውስጡን ማሞቂያ ክፈቺላት፣ ሙቀቷን ታካፍለን።» ከፈትኩት። ሌንሴ «እማ፣ ልንቀቀል ነው!» እያለች መስኮቱን አወረደች። እኔ ዓይኔን ከመለኪያው አላነሳሁም። ቀስ እያለ ወደ መሃሉ ተመለሰ።

አዲስ ዓለም ማርያም ደጅ ስንደርስ ደረጄ ከሚኒባሱ ወርዶ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ። ከዚያ በሬን ከፈተና እጁን ዘርግቶ፣ አንተ ታደርገው እንደነበረው ሳብ አድርጎ አወጣኝ። «ትኑር» አለኝ።

እንግዲህ ራዲያተሯ የሚጠጣው ከአሸንዳው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ብቻ ነው። በሞላሁላት ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። ማንቆርቆሪያውን ግን ሎሚ አላስነካሁትም። ሌንሴ «እማ፣ እጠቢው እንጂ» ትለኛለች፤ እኔ ከድኜ ቦታው እመልሰዋለሁ። ያ ነጩ እኔ እስካለሁ ግርጌው ላይ ይኖራል።

ያንተው አስካለች