ባዶዋን የተለካ ጎማ

ጥቅምት 23፣ ሚዛን ተፈሪ

ዛሬ ጋሽ ወልዴን በቡጢ አፉን አልኩት። ጎማ የገጠመልኝ ጎሚስታ ነው፤ በዕድሜ አባቴን ያህላል።

መኪና ከያዝኩ ገና ሁለት ወር ነው። የማጂን ጭቃ እንድትደፍርልኝ ትልልቅ ጎማ ካላሰርኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ጋሽ ወልዴ በር ላይ መኪናዋን ባዶዋን አቁሜ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጫፍ ጠመዘዝኩ። ጎማው ምንም አልነካም። "በቃ፣ እሰረው!" አልኩት።

ዛሬ እህቴን ጎኔ አስቀምጬ፣ የቡና ጆንያ ጢም አድርጌ ጭኜ ቁልቁለቱን ስወርድ መኪናዋ ከክብደቱ ዝቅ አለችና ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ነከሰ። መሪው አልዞር አለኝ። ቦይ ውስጥ ገባን። የእህቴ ግንባር መስታወቱን ሰነጠቀው። እሷን ሐኪም ቤት አስገብቼ በሞተር ጎሚስታው ጋ በረርኩ። "እህቴን ልትገድላት ነበር!" ብዬ አፉን መታሁት፤ ደገምኩት። ሰው ባይይዘኝ የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቼ ነበር። እሱ ደሙን ተፍቶ "ልጅቷ ተረፈች?" ብቻ አለኝ።

ግንባሯን ሰፍተውላታል። እጄ ማበጡን አይታ ማንን እንደመታሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"ጋሽ ወልዴን? 'መጀመሪያ ቡናህን ጭነህ አምጣት፣ ከዚያ እንለካለን' ያሉህን?"

ያን ቀን ጎማውን ስንለካ እሷ የሰማች አልመሰለኝም ነበር።